የአያቴ ዕድሜ፣ የድንቅነሽ ዕድሜ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

አያቴ የተወለደችበትን ቀን አታውቀውም ነበር። ስንጠይቃት «ጣልያን ከገባ በኋላ፣ ሳይወጣ» ትለናለች። ጣልያን በ1928 ገባ፣ በ1933 ወጣ። በቃ፣ ልደቷ በመሀል ነው። እዚህ ወሎ ዕድሜውን እንዲህ ያልቆጠረ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም።

የቅሪተ አካል ዕድሜም የሚታወቀው በዚሁ ዘዴ ነው።

ከደሴ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የወረደ ሰው የድንቅነሽን አገር ያገኘዋል። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው ህዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ዕድሜዋን ያወቅነው ግን ከአጥንቷ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ መሬቱን ያለብሳል። በላዩ ደለል ይጫናል። ከዘመናት በኋላ ሌላ አመድ ይመጣል። በሁለቱ መሀል የተቀበረ አጥንት ከታችኛው ያንሳል፣ ከላይኛው ይበልጣል። ልክ እንደ አያቴ!

አመዱስ ራሱ እንዴት ይቆጠራል? በውስጡ ፖታሲየም ያለባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። ፖታሲየም 40 የሚባለው ዓይነት በጣም ቀስ ብሎ ይለወጣል፤ ግማሹ እስኪያልቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ከሚለወጠው ከፊሉ አርጎን የተባለ ጋዝ ይሆናል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል። ሲቀዘቅዝ መውጫ ያጣል፤ ቆጠራው ያኔ ይጀምራል። ዛሬ አንዷን ክሪስታል በሌዘር አቅልጠው የተጠራቀመውን ጋዝ ይለካሉ። ከድንቅነሽ አጠገብ ያለው አመድ እንዲህ ሲለካ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ።

ተማሪዎች «ካርቦን 14ስ?» ትሉኛላችሁ። ካርቦን 14 ሕይወት በነበረው ነገር ውስጥ የሚገኝ፣ ዕድሜ የሚለካበት የካርቦን ዓይነት ነው፤ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ50,000 ዓመት በላይ ለሆነ ነገር የሚለካ አይተርፍም። ለጥንት ከሰል ይሆናል፣ ለድንቅነሽ አይደርስም።

ልኬትም ይሳሳታል። ኬንያ ውስጥ፣ ቱርካና ሐይቅ ዳር፣ አንድ የአመድ ንብርብር መጀመሪያ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ተባለ። ነገሩን ያጋለጠው የአሳማ ጥርስ ነው! እዚያ የተገኙት የአሳማ ቅሪቶች ከእኛው ኦሞ ሸለቆ ጋር ሲነጻጸሩ ዕድሜው አልገጥም አለ። እንደገና ሲለካ ወደ 1.9 ሚሊዮን ወረደ። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ያን ሁሉ ማሽን የአሳማ ጥርስ አረመው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ዳር የተቆረጠውን ገደል እናያለን። የወሎ ተራሮች አብዛኛው ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ደብተርና እርሳስ ያዙ። ንብርብሩን ከታች ጀምረን ወደ ላይ እንቆጥራለን።