መስኮት የታተመበት ማመልከቻ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነኝ። ጋቢ ተከናንቤ ነው የምቀዳው፤ ማይኩ ላይ ኮሽ ኮሽ ካለባችሁ እሱ ነው፣ በዚህ ውርጭ ደግሞ አላወልቀውም።

የዛሬው ወሬ ስለ አፕዴት ነው፤ ኮምፒውተር በየጊዜው ከኢንተርኔት ስለሚጭነው ማሻሻያ። ሰው ስለ ፍቅር ያወራል፣ ስለ ስደት ያወራል፣ እኔ ስለ አፕዴት። ምን ላድርግ፣ ከሁሉም በላይ ያናደደኝ እሱ ነው።

ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ ፍርድ ቤት አጠገብ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አንድ ረቡዕ ጠዋት በሩን ስከፍት ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ቆመው ይጠብቁኛል። በርኖስ ደርበዋል፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋል። ጉዳዩ የይግባኝ ማመልከቻ ነው፤ የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ያው ዕለት ነው። ጽፌ ጨርሼላቸዋለሁ፣ የቀረው ማተም ብቻ።

ፕሪንት አልኩ። ወረቀቱ ወጣ። ቀኑ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ፊደሉ የለም። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን። ስክሪኑ ላይ ግን ጽሑፉ ጥንቅቅ ብሎ ይታያል። ደግሜ አተምኩ፤ ሳጥን። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፤ ሳጥን። እሳቸው ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ይሄ እኮ መስኮት ብቻ ነው» አሉኝ። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ የዊንዶውስ ስም ራሱ በፈረንጅኛ መስኮት ማለት መሆኑን በዚያች ሰዓት እንዴት ብዬ ልንገራቸው!

የዊንዶውስ ወርሃዊ አፕዴት የሚለቀቀው በየፈረንጅ ወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ። እኔ ኮምፒውተሩን ሳላጠፋ ነበር የሄድኩት። ሌሊቱን ገብቶ አድሯል።

ስለዚህ ምን አደረግኩ? ተሸበርኩ። ሴቲንግስ ገባሁ፣ የአፕዴት ታሪክ የሚለውን ከፈትኩ፣ አንኢንስቶል የሚለውን ተጫንኩና ከላይ ያገኘሁትን ኬቢ ቁጥር ነቀልኩት፤ ኬቢ የሚሉት እያንዳንዱ አፕዴት የሚታወቅበት መለያ ነው። ሪስታርት አለ። ነጩ ክብ ይዞራል፣ እኔ ያልበኛል፣ እሳቸው በርጩማው ላይ ተቀምጠው ገብስ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ተነሣ፣ አተምኩ። ሳጥን!

ለካ የነቀልኩት ንጹሑን ኖሯል። ከወርሃዊው አፕዴት ጋር አዲስ የፕሪንተር ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አብሮ ገብቷል፤ ጥፋቱ የእሱ ነበር። የፕሪንተሩን አምራች ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያ አይደለም፣ ስድብም አይደለም። ድራይቨር ደግሞ ከዚያ ከኬቢ ዝርዝር ውስጥ አይነቀልም፤ ታሪኩ ላይ ተጽፎ ታዩታላችሁ እንጂ።

የዕለቱን በሌላ መንገድ ተወጣሁት። ማመልከቻውን ፒዲኤፍ አድርጌ፣ እንደ ምስል አትም የሚለውን መረጥኩ። ምስል ሲሆን ፕሪንተሩ ፊደል መፈለጉን ይተዋል፣ ያየውን ይቀባል። ቀስ እያለ፣ እያቃሰተ አወጣው። እሳቸው ተቀብለው ሮጡ፤ ደረሱ።

ማታ ተረጋግቼ ከፕሪንተሮች መቼት ውስጥ ድራይቨሩን ከነጥቅሉ አጠፋሁ፣ የድሮውን ከሲዲው ጫንኩ። ሐሙስ ፊደል ነው። ዓርብ ጠዋት? ሳጥን!

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እኔም የተሳሳትኩት። መንቀልና ማገድ ሁለት ሥራ ነው። የነቀልከውን አፕዴት ኮምፒውተሩ «ይሄ ጎድሎኛል» ብሎ መልሶ ያመጣዋል፤ እሱ ሥራውን ነው የሠራው። ለማገድ «ሾው ኦር ሀይድ አፕዴትስ» የምትባል ትንሽ መሣሪያ አለች። ችግሯ፣ የምታሳያችሁ ገና ያልገባውን ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትነቅላላችሁ፣ ተመልሶ ከመግባቱ በፊት ቶሎ እሷን ከፍታችሁ ያንን አንዱን ብቻ ትደብቃላችሁ። ዊንዶውስ 10 ላይ ፖዝ የሚለውም አለ፣ እስከ 35 ቀን ያቆየዋል፤ ግን ቀኑ ሲሞላ ያለውን ሁሉ ሳይጭን ድጋሚ ፖዝ አያስደርግም።

እኔ ግን ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ያን ዓርብ ደሜ ፈልቶ ነበር። ሰርቪስስ ውስጥ ገብቼ ዊንዶውስ አፕዴትን ከነጭራሹ ዲሴብል አደረግኩት። ዓመት ከመንፈቅ! ለሰውም እመክር ነበር፤ «ዝጋው፣ ዳታህንም አይበላ» እያልኩ። አሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

የባለጉዳይ ፍላሽ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ያልገባበት ቤት የለም። አንድ ቀን በፍላሽ ቫይረስ ገብቶ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ፎልደር ጠፍቶ ሾርትከት የሚሉት አቋራጭ ምልክት ብቻ ቀረ፤ ከዚያ የሌላው፣ ከዚያ የእኔው። የዊንዶውሱ ጸረ ቫይረስ፣ የዲፌንደር፣ የቫይረስ መረጃም የሚመጣው እኔ በዘጋሁት በር ነበር። ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ አልጠፉም፣ አወጣኋቸው። ግን የልጅቷን ፊት አልረሳውም። አምራቹን ልሳደብ አልችልም፣ በሩን የቀረቀርኩት እኔ ነኝ።

ዋናክራይን፣ ያንን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ቫይረስ፣ አስታውሱ። ማስተካከያው በፈረንጆቹ መጋቢት 14፣ 2017 ወጥቷል፣ ቫይረሱ ግንቦት 12 ነው ዓለምን ያጥለቀለቀው። ሁለት ወር ሙሉ መድኃኒቱ ነበረ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰረዙ። በሌላ በኩል ደግሞ በፈረንጆቹ 2021 መጋቢት ኬቢ5000802 የሚባለው አፕዴት ወጥቶ፣ በአንዳንድ ፕሪንተሮች ፕሪንት ሲባል ኮምፒውተሩን በሰማያዊ ስክሪን ይጥለው ነበር፤ ማስተካከያው በሳምንት ውስጥ ደረሰ። ያንን አንዱን ነቅሎ ሳምንት የታገሠ ሰው ምንም አልተጎዳም። ዓመት ከመንፈቅ የሚያዘጋ ነገር አልነበረም፣ የእኔ ቁጣ ነው እንጂ።

አሁን ያገድኩትንና ያገድኩበትን ቀን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ፕሪንተሩ ግንባር ላይ እለጥፋለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት አንድ ገጽ አትማለሁ፣ ከሀ እስከ ፐ። ባለፈው ወር የድራይቨሩ አዲስ እትም መጣ፣ ለቀቅኩት፣ ፊደሉ ልክ ወጣ፣ ወረቀቷን ላጥኳት።

እኚያ አባት በዚሁ ሰሞን ለሌላ ጉዳይ መጥተው ነበር። አትሜ ሰጠኋቸው። አልተቀመጡም፣ ወደ በሩ ሄዱ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞሩት።

«መስኮት የለውም?»

«የለውም አባቴ።»

ቢሆንም አገላብጠው አዩት።