ቦክሰኛውን የጣለው ጥርስ

እንደምን ዋላችሁ! አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች። ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ።

ጥርስ ሐኪም ስለሆንኩ የጤና ቀኑን ያዘጋጁት ሰዎች "ስለ ጥርስ አውሪልን" አሉኝ። ባለፈው ዓመትም አውርቼ ነበር። ስላይድ ነበረኝ፣ የተቦረቦረ ጥርስ ፎቶ ነበረኝ፣ ሁሉ ነገር ነበረኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግማሹ ሰው ወደ ቡናው ሄደ። አልፈርድባችሁም። እኔም ብሆን እሄድ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ስላይድ የለም። ስለ አንድ ቦክሰኛ ነው የማወራችሁ። ፊሊፒናዊ ነው። ከሞተ መቶ ዓመት ሆኖታል። የመጨረሻ ግጥሚያውን ያደረገው እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ጎረቤታችን ኤመሪቪል ነው። ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ፣ ዛሬ የካርቱን ፊልም ሠሪው ፒክሳር ባለበት አካባቢ፣ ድሮ የቤዝቦል ሜዳ ነበር። ቴሌግራፍ ጎዳና እንጀራ ልትገዙ ስትሄዱ ትንሽ ብትታጠፉ ትደርሱበታላችሁ። እኔ እዚህ አገር ስንት ዓመት ስኖር አላወቅሁም ነበር።

ስሙ ፍራንሲስኮ ጊሌዶ ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን ፓንቾ ቪላ ብሎ ነው። "እሱ የሜክሲኮው አብዮተኛ አይደለም እንዴ?" ልትሉ ነው። እሱም አለ። ፓንቾ ማለት ፍራንሲስኮ ለሚባል ሰው የቁልምጫ ስም ነው። የእኛው ሰውዬ ይህን ስም ያገኘው ማኒላ ቦክስ ሲጀምር ነው። የሚገርመው፣ ቦክሰኛው የዓለም ሻምፒዮን በሆነ በወሩ አብዮተኛው ሜክሲኮ ውስጥ ተገደለ። ይሄ ከጉዳያችን ጋር ግንኙነት የለውም፣ ስለገረመኝ ብቻ ነው የነገርኳችሁ።

የተወለደው በ1901 ኔግሮስ በምትባል ደሴት፣ ኢሎግ የሚባል ቦታ ነው። ስድስት ወር ሲሆነው አባቱ ጥሏቸው ሄደ። እናቱ በሰው መሬት ላይ ፍየል ትጠብቅ ነበር፣ እሱም አብሮ አደገ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው በጀልባ ተሻግሮ ኢሎኢሎ የምትባል ከተማ ገባ። እዚያ ምን ሠራ መሰላችሁ? ሊስትሮ ሆነ። ጫማ ጠረገ። ይቺን ያዙልኝ፣ ጫማው በኋላ ይመጣል።

እዚያው ከተማ አንድ ቦክሰኛ ወዳጅ አገኘ። ተያይዘው ማኒላ ሄዱ። ማኒላ ውስጥ ከልጆች ጋር ሲፈነካከት ያዩት ሰዎች "ይሄ ልጅ ሌላ ነው" አሉ። በ1919 በገንዘብ መጋጠም ጀመረ። ፊሊፒንስ ያኔ የአሜሪካ ግዛት ነች። አሜሪካኖች ከስፔን የወሰዷት በ1898 ነው። ቦክሱንም ያመጡት የአሜሪካ ወታደሮች ናቸው። ፍራንክ ቸርችል የሚባል አሜሪካዊ ማኒላ ውስጥ ግጥሚያ ያዘጋጅ ነበር፣ ልጁን ያየው እሱ ነው። በ1922 ወደ አሜሪካ አስመጣው።

እንግዲህ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት ገደማ ነው። የሚጋጠመው ፍላይዌይት በሚባለው ክብደት፣ ማለትም ከ112 ፓውንድ በማይበልጥ ነው። በእኛ ሂሳብ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ኒውዮርክ ገባ።

ስደተኛ ብዬ ልጥራው ወይስ አልጥራው? ያኔ የፊሊፒንስ ሰው የአሜሪካ ዜጋ አይደለም። የውጭ አገር ሰውም አይደለም። በባንዲራው ሥር ነው፣ ግን አይመርጥም፣ ዜግነትም አይሰጠው። ገብቶ መሥራት ግን ይችላል። ብዙዎቹም መጡ፣ እዚሁ ካሊፎርኒያ አስፓራጉስና ሰላጣ እየለቀሙ ኖሩ። በኋላ በ1934 ሕግ ወጣና ከፊሊፒንስ የሚገባው ሰው በዓመት 50 ብቻ ይሁን ተባለ። ሃምሳ ሰው! ዲቪ አልደረሰኝም ብላችሁ የምታማርሩ ይህን አስቡት።

ጅምሩ አላማረለትም። የመጀመሪያ ግጥሚያው ጀርሲ ሲቲ ነበር። ያኔ በኒው ጀርሲ ሕግ ማንም ማንንም ካልዘረረ ዳኛ አሸናፊ አይሰይምም። ማግስቱን ጋዜጠኞቹ ናቸው የሚፈርዱት። እነሱም ለሌላኛው ፈረዱ። ግን ቴክስ ሪካርድ የተባለው ትልቁ ፕሮሞተር ልጁን ልብ ብሎ ነበር። ወደፊት ብቻ ነው የሚሄደው። ያለማቋረጥ ይመታል። ሕዝብ ደግሞ ትኬት የሚገዛው እንደዚህ ላለ ሰው ነው። በመስከረም 1922 ብሩክሊን ውስጥ ጆኒ በፍን በአሥራ አንደኛው ዙር ዘረረውና የአሜሪካን የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወሰደ። እዚህ አገር መጋጠም ከጀመረ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር። በመጋቢት 1923 ፍራንኪ ጄናሮ በነጥብ ቀማው። ብዙ ሰው በዳኞቹ ውሳኔ አልተስማማም።

ከዚያ ትልቁ ቀን መጣ፣ ጁን 18፣ 1923። ተጋጣሚው ጂሚ ዋይልድ ነው። ዌልሳዊ፣ የድሮ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ። ከ1916 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ቀጭን፣ የሚሰበር የሚመስል፣ ግን ስንቱን የጣለ ሰው። ዕድሜው 31 ደርሷል፣ ከሪንግም ርቆ ቆይቷል። ዋይልድን መግጠም የነበረበት ያው ቪላን ያሸነፈው ጄናሮ ነበር። ግን ሪካርድ ሰው የሚጠራለትን መረጠ። ኒውዮርክ ፖሎ ግራውንድስ ስታዲየም ወደ ሃያ ሺህ ሰው ተሰበሰበ።

ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ አንድ ነገር ተፈጠረ። ዋይልድ በኋላ ሲናገር ደወሉ ከተደወለ በኋላ ነው የመታኝ ብሏል። ሆነም አልሆነ ከዚያ በኋላ ዋይልድ ራሱን አላገኘም። ተመታ፣ ተመታ። እጁን አልሰጥም አለ። በሰባተኛው ዙር ግን የቪላ ቀኝ አገኘውና በፊቱ ተደፋ። ዋይልድ ከዚያ ምሽት በኋላ ዳግመኛ ግጥሚያ አላደረገም። ፊሊፒናዊው ሊስትሮ በሃያ አንድ ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከእስያ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ጫማው ልመለስ። ገንዘብ መጣ። የሐር ሸሚዝ፣ የዕንቁ ቁልፍ፣ ሽቶ። እንደሚተረክለት ከሆነ በዙሪያው ብዙ ሰው ነበር። አንዱ ያሸዋል፣ አንዱ በፎጣ ያደርቀዋል፣ አንዱ ደግሞ ጫማ ያጠልቅለታል። ጫማ! አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሲያወሩ ይስቁበታል፣ "ጉረኛ ነበር" ይላሉ። እኔ አልስቅም። በልጅነቱ የሰው እግር ሥር ቁጭ ብሎ የኖረ ሰው አንድ ቀን እግሩን ዘርግቶ "አጥልቅልኝ" ቢል ምን ይገርማል?

በ1924 አገሩ ተመለሰ። ማኒላ በሰልፍ ተቀበለችው፣ ቤተ መንግሥትም ተጋበዘ። በሜይ 1925 እዚያው ማኒላ ክሌቨር ሴንሲዮ የሚባል የአገሩን ልጅ ገጥሞ ቀበቶውን አስጠበቀ። ሴንሲዮም በዓመቱ አሜሪካ መጥቶ፣ ሚልዋኪ ውስጥ ተጋጥሞ ሞተ። ቦክስን የምወደውን ያህል የምፈራው ለዚህ ነው።

ቪላ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ጁላይ ፎር፣ 1925፣ ኤመሪቪል ግጥሚያ ተያዘለት። እኛ በዚያ ሰሞን የኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር ላይ ነን አይደል? ያኔ የበዓል ቀን መዝናኛው ቦክስ ነበር። ተጋጣሚው ጂሚ ማክላርኒን ይባላል፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ። እሱም የስደተኛ ልጅ ነው፣ ከአየርላንድ ቫንኩቨር የመጣ። በኋላ ራሱ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የዚያን ቀን ግን ቀበቶ አልተያዘበትም። አሥር ዙር፣ እንዲያው ለገንዘቡ።

ግጥሚያው ሲቃረብ የቪላ ጉንጭ አበጠ። ጥርሱ ሥር ቆስሏል። በግጥሚያው ቀን ጠዋት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ አስነቀለ። በዚያው ቀን ሪንግ ገባ።

እስቲ አንድ ጊዜ ጉንጫችሁን ያዙ። ዛሬ ጥርስ የነቀልኩለት ሰው "ማታ ሰርግ አለብኝ፣ እስክስታ ልወርድ እችላለሁ?" ቢለኝ እቆጣለሁ። ይሄ ሰው ሊደበደብ ነው የሄደው። አሥሩንም ዙር ተጋጠመ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ እጁ ፊቱን ሸፍኖ በሌላኛው ነበር የሚመታው። በነጥብ ተሸነፈ። አልወደቀም ግን። በሕይወቱ ሙሉ ተዘርሮ አያውቅም።

ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሌላም ጥርስ ተነቀለ፣ መመረዙም ታወቀ። "ዕረፍ፣ ተመልሰህም ና" ተባለ። አላረፈም። ከጓደኞቹ ጋር ሲጨፍር ሰነበተ። ጁላይ 13 አሠልጣኙ ሁኔታውን አይቶ ደነገጠና ሆስፒታል ወሰደው። መግሉ ወደ ጉሮሮው ወርዶ ነበር። ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ራሱን ሳተ። ማግስቱን፣ ጁላይ 14፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሞተ። ሃያ አራት ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። አስከሬኑ በመርከብ ማኒላ ሄዶ ተቀበረ። ሻምፒዮን እንደሆነ ነው የሞተው፣ ቀበቶውን ማንም አልወሰደበትም።

ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጭፈራውን ይወቅሳሉ። እኔ ጥርስ ሐኪም ነኝ፣ የምወቅሰው የግጥሚያውን ጠዋት ነው። ማናጀር ነበረ፣ አሠልጣኝ ነበረ፣ ጫማ የሚያጠልቅ ሰው ሳይቀር ነበረ። ቪላ ራሱ "እጋጠማለሁ" ብሎ ሙጭጭ አለ። ትኬቱ ተሸጧል፣ ቀኑ በዓል ነው። "ዛሬ አትገባም" ብሎ በሩ ላይ የቆመለት ሰው ግን አልነበረም።

በሽታው ሉድቪግ አንጃይና ይባላል። ጣታችሁን አገጫችሁ ሥር፣ ለስላሳው ቦታ ላይ አድርጉ። እንደዚህ። ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከታችኛው የመንጋጋ ጥርስ ሥር ነው። መግሉ በዚህ በጣታችሁ ባለው ቦታ ይሰራጫል። ምላስ ወደ ላይ ይገፋል፣ አንገት ይደነድናል፣ መዋጥ ያቅታል፣ ምራቅ ይዝረበረባል። ከዚያ አየር መንገዱ ይዘጋል። ያኔ ከያዘው ሰው ከግማሽ በላይ ይሞት ነበር። ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ነው፣ ቪላ ከሞተ በሦስተኛው ዓመት።

ዛሬ በጊዜ ከተደረሰበት ሰው ይድናል። ግን እኔ ጋ እንዴት እንደምትመጡ ላውራ? ኡበር የሚነዳው ወንድሜ "ቅዳሜና እሁድ ገበያ ነው፣ ሰኞ" ይላል። ሁለት ሥራ የምትሠራው እህቴ "ሺፍቴን የሚሸፍንልኝ የለም" ትላለች። ቅርንፉድ ይነከሳል። አረቄ ይያዛል። ከአዲስ አበባ በሰው የተላከ አሞክሳሲሊን ይዋጣል፣ እሱም ሁለት ፍሬ፣ ሕመሙ ሲቆም ይቀመጣል። ለሚቀጥለው ሰው ይደርሳል፣ ተዝካር ይመስል።

ወጣቶቹ፣ ሰዓት ስትመለከቱ አየኋችሁ፣ ልጨርስ ነው። ቦክሰኛውን ኖኒቶ ዶኔርን ታውቁታላችሁ? እሱም ፊሊፒናዊ ነው፣ በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ሳን ሊያንድሮ ያደገ። የመጀመሪያውን የዓለም ቀበቶ ያገኘው በ2007 ነው። በ2021፣ በ38 ዓመቱ፣ ኑርዲን ኡባሊን በአራተኛው ዙር ዘርሮ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። ቪላ 38 ዓመት ቢደርስ ዘመኑ 1939 ይሆን ነበር። የአገሩ ልጅ ሴፌሪኖ ጋርሲያ ኒውዮርክ ላይ የመካከለኛ ክብደት ሻምፒዮን የሆነበት ዓመት ነው። ፊት ወንበር ቁጭ ብሎ ሲያጨበጭብለት ይታየኛል፣ በሐር ሸሚዝ፣ በዕንቁ ቁልፍ።

በሉ፣ ከኋላ ሁለት የምርመራ ወንበር አለ። እስከ 4 ሰዓት ነን፣ በፈረንጅ ሰዓት፣ በሐበሻ እንዳታደርጉብን። ማየቱ ነፃ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ከጠረጴዛው ጀርባ ያለችውን ልጅ ያናግር። ጉንጩ ያበጠ ሰው ካለ ወረፋ አይጠብቅም፣ ቀጥ ብሎ እኔ ጋ ይምጣ። እዚያ አምዱ ጋ የቆምክ ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በግራ እጅህ ጉንጭህን ይዘሃል። ና እንሂድ፣ ቡናው ይቆይልሃል።