የኅዳር 12 ጽዳት መቅረት አለበት ለሚሉ ልጆቻችን
(በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በእድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፤

ለዛሬው ጉባኤ ከቀረቡት አጀንዳዎች አንዱ የኅዳር 12 የጋራ ጽዳት ይቅር የሚል ነው። ያቀረቡት ልጆቻችን የፈሪዎች ልማድ ነው፣ በዕለቱ የሚቃጠለው ቆሻሻ ጭስም ይጎዳል ብለው ስለ ጻፉ፣ መልስ ሳልሰጥ ማለፍ አልቻልኩም።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ሁላችንም ከወላጆቻችን ሰምተናል። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ቀባሪ እስኪጠፋ ሕዝቡን ፈጀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር። ኅዳር ሲታጠን እያልን ሰፈራችንን የምንጠርገው ከዚያ ወዲህ ነው። ከፍርሃት መወለዱን አልክድም። ነገር ግን አደጋን ቀድሞ ማየት ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ፣ በ27 አገሮች 7,844 ሰዎችን ያካተተ ጥናት አለ። በሁሉም ባይሆን በአብዛኞቹ አገሮች፣ ለወጉ የሚቆረቆር ሰው ከኮሮና ለመጠበቅ ዋጋ የሚያስከፍሉ ጥንቃቄዎችን ይበልጥ ያደርግ እንደነበር አሳይቷል። የአጥኚዎቹ ሐሳብ ወግ ለብዙ ዘመን ሰው አደጋን የሚከላከልበት መንገድ ስለ ነበር፣ ለአደጋ ንቁ መሆንና ወግ ማክበር ሳይዛመዱ አልቀሩም የሚል ነው።

እኛ ይህን በዓይናችን አይተናል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ሰሞን ግቢያችን ውስጥ ሐዘን ሲደርስ፣ ድንኳኑ በር ላይ ጀሪካንና ሳሙና ይዘው የቆሙት እነማን ነበሩ? ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የማይቀርባቸው፣ ወግ አጥባቂ የምትሏቸው እናቶቻችን ነበሩ። ለቀስተኛውን እያስታጠቡ፣ መሳሳሙን እየከለከሉ፣ ወንበሩን በእጃቸው ያራርቁ ነበር። አንዷ እናት የገዛ እህታቸው ልታቅፋቸው ስትመጣ ወደ ኋላ ሸሽተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከሩቅ አለቀሱ። ለቅሶ መድረስ ለእኚህ ሴት ከጾም የማይተናነስ ግዴታ ነው፤ ሐዘንተኛን አቅፎ ማጽናናትም እንደዚያው። ከልባቸው ጋር ታግለው ጥንቃቄውን መረጡ። በዚያው ሰሞን «እኔን አይዘኝም» እያሉ በየደረጃው ሲጨባበጡ የነበሩት ናቸው ዛሬ እኚህን እናት ፈሪ የሚሏቸው!

ስለ ጭሱ ልጆቻችን እውነት አላቸው። ፕላስቲክ ማቃጠል ሳንባ ይጎዳል፤ ስለዚህ ማቃጠሉ ቀርቶ ቆሻሻው በማዳበሪያ ተሰብስቦ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ። ከብሎኮቹ ጀርባ ያለው ቦይ ግን ዛሬም እንደተደፈነ ነው፤ ስለዚህ ጽዳቱ ሊቀር አይገባም።

በመሆኑም ድምፅ ሲሰጥ ማቃጠሉና ጽዳቱ ተለያይተው እንዲቀርቡ ሰብሳቢውን እጠይቃለሁ።