ባለ 6 ቀዳዳ ሁሉ አንድ አይደለም፦ ስለ ፒክአፕ የጎማ ስፔሰር ለአድማጮች የተሰጠ መልስ

ባለፈው ዝግጅት ስለ ሰፋፊ ጎማዎች ከተነጋገርን ወዲህ የደወላችሁ አድማጮች አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ በሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት የመኪናው ተሽከርካሪ እምብርት) እና በቸርኬ (ጎማው የተጠለቀበት ብረት) መካከል ገብቶ ጎማውን ወደ ውጭ ስለሚያወጣው ስፔሰር።

ከአዳማ፦ «የ2013 ሞዴል ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ። ሰፊ ጎማ ካስገባሁ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ሳዞር ጎማው በውስጥ በኩል ሻንሲውን ይነካል። መለዋወጫ ሻጩ የ30 ሚሊ ሜትር ስፔሰር አሳየኝና ‹ባለ 6 ቀዳዳ ከሆነ ለሁሉም ይገባል› አለኝ። ልግዛው?»

ወንድሜ፣ ይህን ቃል አምነው ገንዘብዎን አያውጡ። ሃይሉክስ፣ ዲማክስ፣ ፎርድ ሬንጀርና ሚትሱቢሺ ኤል200 በእርግጥ 6 ቡሎን አላቸው፤ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብም በአራቱም ላይ 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። የቅርብ ዓመታት ኒሳን ናቫራ ደግሞ 6 ቡሎን ይዞ ክቡ 114.3 ነው። የናቫራው ስሕተት እዚያው ይታያል፣ ጭራሽ አይገባምና። እኔን የሚያስፈራኝ የሚገባው ስሕተት ነው። ሞዞው መሀሉ ላይ ወደ ውጭ ብቅ ያለ ክብ አለው፤ ቸርኬው የሚቀመጠው በእርሱ ላይ ነው። የመሀል ቀዳዳው ስፋት በእርስዎ ሃይሉክስ 106.1፣ በሬንጀር 93.1፣ በኤል200 ደግሞ 67.1 ሚሊ ሜትር ነው። የሃይሉክስ ስፔሰር ሬንጀር ላይ ቢታሰር 6ቱም ቡሎኖች ሰተት ብለው ይገባሉ፤ ዙሪያውን ግን ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። ማዕከሉን የሚጠብቅለት ነገር ስለሌለ ትንሽ ወደ ጎን ተዛንፎ ይታሰራል፤ ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይርገፈገፋል፣ ዳዶዎቹም ቀስ በቀስ ይላላሉ። ስለዚህ ካሊፐር (የቀዳዳ ስፋት መለኪያ) ይዘው ይሂዱና ሁለት ነገር ይለኩ፦ በውስጥ በኩል ያለው ቀዳዳ ሞዞዎን በልኩ መያዙን፣ በውጭ በኩል ደግሞ ቸርኬው የሚቀመጥበት ተመሳሳይ ብቅ ያለ ክብ መኖሩን። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ውፍረቱ 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ የራሱ ቡሎኖች የተተከሉበት መሆን አለበት፤ እንደ ቀለበት በነባሩ ቡሎን ላይ የሚጠለቀው ዓይነት ለዚህ ውፍረት አይሆንም። የሃይሉክስ ቡሎን ውፍረቱ 12፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ ስላለበት፣ በእጅዎ ሲያስገቡ 8 ሙሉ ዙር መዞር አለበት። ከዚያ በታች ከቆመ አይንዱት። የነባሩ ቡሎን ጫፍም ከስፔሰሩ ፊት አልፎ መውጣት የለበትም፤ ካለፈ፣ ቸርኬው ጀርባው ላይ ለጫፉ የሚሆን ጎድጓዳ ከሌለው በቀር ቡሎኑ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ከስፔሰሩ ጋር አይገጥምም።

ደግሞ ልንገርዎት፤ ጎማው ሻንሲውን የሚነካው በጥቂት ሚሊ ሜትር ከሆነ እኔ ብሆን ወደ ፋብሪካው የጎማ ልክ እመለስ ነበር። 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ጎማ ውስጡን ትቶ ፓራፋንጎውን ሊመታ ይችላል።

ከደብረ ብርሃን፦ «ቶርኖ ቤት በግማሽ ዋጋ እሠራልሃለሁ ብሎኛል።»

እባክዎ አያሠሩት። የቶርኖ ባለሙያዎቻችንን እጅ አከብራለሁ፤ ጥያቄው የብረቱ ነው። አስተማማኝ ስፔሰር የሚሠራው 6061 ቲ6 ወይም 7075 ቲ6 ከሚባል፣ በሙቀት ከጠነከረ አልሙኒየም ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ ቀልጦ የፈሰሰ አልሙኒየም ውስጡ አረፋ ይዞ ሊቀር ይችላል፣ በዐይን አይለይም። አንድ ጊዜ ጋራዣችን የመጣ ፒክአፕ የኋላ ግራ ጎማ ስንፈታ፣ ስፔሰሩ ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ጠርዙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቆ ነበር፤ ጎን ያለው ቀዳዳ ደግሞ እንቁላል መስሏል። ባለቤቱ ቤተሰቡን ጭኖ ከገጠር መመለሱ ነበር። ያን ስንጥቅ በጣቴ ስዳስስ የተሰማኝ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ፦ «እዚህ ለቶዮታ ታኮማ የሚሸጠውን ገዝቼ አገር ቤት ላለው የወንድሜ ሃይሉክስ ልላክለት?»

እስከ 2023 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ያለው ባለ 6 ቡሎኑ ታኮማ ከሆነ ልኩ አንድ ነው፦ 139.7፣ 106.1፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን። ጥሩ ስጦታ ነው። ዳዶውን ግን ያስተውሉ። ከስፔሰሩ ጋር የሚመጣው ጫፉ ሾጣጣ ሲሆን ስፔሰሩን ከሞዞው ጋር ያስራል። የወንድምዎ ቸርኬ የፋብሪካው አልሙኒየም ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለውን የራሱን ዳዶ ይፈልጋል። ሾጣጣውን በጠፍጣፋ መቀመጫ ላይ ማሰር ጎማ ያስጥላል።

ከመቂ፦ «ሽንኩርት እጭናለሁ። ስፔሰር ባስገባ መኪናው ተደላድሎ ብዙ ይጭናል ይባላል።»

መኪናው ትንሽ ሰፋ ብሎ ይቆማል፤ የመጫን አቅሙ ግን በአንድ ኪሎ አይጨምርም። እንዲያውም ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ክብደቱ እንደ ረጅም ዘንግ ሆኖ ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ይበልጥ ይጫነዋል። ለጭነት መኪና አልመክርም።

ከጅማ፦ «ከተገጠመልኝ ሁለት ሳምንት ሆነ። ነገ አዲስ አበባ እወጣለሁ። ምን ልመልከት?»

እህቴ፣ ዛሬውኑ ጎማዎቹን ያስፈቱ። በስፔሰሩና በሞዞው መካከል ዝገት ወይም ቀለም ካለ በብረት ብሩሽ ይጠረግ፤ ቡሎኑ ላይ ግሪስ አይቀባ። መጀመሪያ የስፔሰሩ፣ ቀጥሎ የጎማው ዳዶዎች በመኪናው መመሪያ በተጻፈው ልክ፣ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ በተቃራኒ እየተዘለለ ይጥበቁ። ቧንቧ ቀጥሎ ቁልፉ ላይ መቆም ቡሎኑን ይመዝዘዋል። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ እንደገና ያስጠብቁ፤ የስፔሰሩ ዳዶዎች ከቸርኬው ጀርባ ስለሆኑ እነርሱን ለማግኘት ጎማው መፈታት አለበት። መንገድ ላይ በቆሙ ቁጥር ደግሞ ዝቅ ብለው ቸርኬውን ይዩ። ከዳዶው ሥር እንደ በርበሬ ዱቄት ያለ ቀይ መስመር ከወረደ ዳዶው ላልቶ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው፤ መኪናውን እዚያው ያቁሙ።