ዶክተር አይደለሁም፦ ለጤና አገልግሎት አስተዳደር ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሆስፒታል እንደምሠራ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ዶክተር ነህ?» ብሎ ነው። አይደለሁም ስለው «እ... ነርስ?» ይላል። እሱንም አይደለሁም፤ የሆስፒታል አስተዳዳሪ ነኝ። ከዚያ በኋላ የምትመጣዋ ዝምታ ለእናንተም አትቀርላችሁምና ከአሁኑ ልመዷት። ዘመዶቼ ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ ሆዳቸውን በቆረጣቸው ቁጥር ለእኔ ይደውላሉ። እኔም ሐኪም ዘንድ ሂዱ እላቸዋለሁ።

ስለዚህ ሙያ የሚጻፉ በራሪ ወረቀቶችን አንብባችኋል። «አመራር»፣ «ስትራቴጂ»፣ «ለውጥ» ይላሉ። ቃላቱን አልጠላም፤ ታካሚ ሲያድኑ ግን አላየሁም። እኔ ሥራዬን የምረዳው እንዲህ ነው፦ ሐኪሙ ከታካሚው ጋር ሆኖ የሚያሳልፈው ጊዜ ባለቤት አለው። ከሐኪሙ ወደ ላብራቶሪ፣ ከላብራቶሪ ወደ ፋርማሲ፣ ከፋርማሲ ወደ ገንዘብ ተቀባይ ሲሄድ የሚያልፈውን ጊዜ ግን የእኔ ነው የሚል የለም። እሱ የእኛ ነው።

ይህ የገባኝ ከትምህርት ቤት አይደለም፣ ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የውስጥ ደዌ ክፍላችን ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። ድንገተኛ ክፍል የገባ ታካሚ አልጋ ስለሚያጣ ኮሪደር ላይ በስትሬቸር ያድር ነበር። እኔም ያማረ ጥናት ጻፍኩ፤ 10 አልጋ ይገዛልን አልኩ። ተፈቀደ፣ ተገዛ፣ ፎቶም ተነሣን። ሦስት ወር ሳይሞላ አዲሶቹም አልጋዎች ሞሉ፤ ኮሪደሩም እንደነበረው ሆነ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ቢሮዬ መጥታ ቆማ፣ «አልጋ ጨመርክልን፣ እሰይ፤ የሚያገላብጣቸውን እጅ ግን አልጨመርክም» አለችኝ። ልትወጣ ስትል ደግሞ መለስ ብላ፣ «ነገ ራውንድ ላይ ና። አንድ ሰው ምረጥና እስከ በር ተከተለው» አለችኝ።

ሄድኩ። ሐኪሞቹ በየአልጋው እየዞሩ ታካሚ ሲያዩ የመረጥኳቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። ጠዋት 3፡20 ላይ ሐኪሙ፣ «እናቴ፣ ዛሬ ቤትዎ ይገባሉ» አላቸው። ፊታቸው በራ፤ ልጃቸው ወዲያው ልብሳቸውን በፌስታል መሰብሰብ ጀመረች። የመውጫ ማጠቃለያው የተጻፈው ግን ራውንዱ አልቆ ጀማሪው ሐኪም ሲቀመጥ፣ 5፡30 ላይ ነው። የመድኃኒት ማዘዣው ፋርማሲ ሲደርስ ምሳ ሰዓት ሆነ። ከምሳ መልስ መድኃኒቱ ተዘጋጀ፤ አንዱ ስለሌለ ምትክ እንዲታዘዝ ወረቀቱ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ያዘዘው ሐኪም ደግሞ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቷል። ከዚያ ሒሳብ ክፍል፣ ከዚያ የማይነበብ ማኅተም፣ ከዚያ እንደገና ሒሳብ ክፍል። እናታችን በሩን የወጡት 10፡40 ነው። ሰባት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። በማስታወሻዬ ላይ ስደምረው ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሰው እጁን አንሥቶ የሠራላቸው 35 ደቂቃ አይሞላም። ያን ሁሉ ሰዓት የእሳቸውን አልጋ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ኮሪደር ላይ ተኝቷል።

በፈረንጆቹ 1961 ጆን ሊትል የተባለ ሰው በሒሳብ ያረጋገጣት አንዲት ቀላል ቀመር አለች። በአንድ ቤት ውስጥ በአማካይ ያለው ሰው ብዛት፣ በቀን የሚገባው ሰው እያንዳንዱ በሚቆይበት ቀን ሲባዛ የሚገኘው ነው። በቀን 20 ታካሚ ከገባና እያንዳንዱ 5 ቀን ከተኛ 100 አልጋ ይያዛል። ቆይታውን በግማሽ ቀን ብቻ አሳጥሩት፤ 90 ይሆናል። ያለ ጨረታ፣ ያለ ግዥ ኮሚቴ 10 አልጋ! እኔ በስንት ደብዳቤ ያስገዛሁትን ያህል ማለት ነው። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ሠርቼ ለብቻዬ ያፈርኩበትን ምሽት አልረሳውም።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። ነገ የሚወጣ ታካሚ ማጠቃለያው ዛሬ ማታ ይጻፋል፤ ሒሳቡ ጠዋት ሳይሆን ከዋዜማው ይሠራል፤ መድኃኒቱን የፋርማሲ ሰው ራሱ ወደ አልጋው ያመጣል። ይኸው ነው። ለመስማማት ግን ሁለት ወር ፈጀብን። የፋርማሲው ኃላፊ በስብሰባ ላይ፣ «የእኔ ባለሙያ ተላላኪ አይደለም» ብሎ ጠረጴዛ መታ። ልከራከረው ፈልጌ ነበር፤ ደግነቱ ተውኩት። «አንድ ቀን ብቻ አንድ ታካሚ ተከተል» አልኩት። ተከተለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሐሳቡን የራሱ አድርጎ ያቀረበው እሱ ነው። እኔም እንደ አዲስ ሐሳብ አጨበጨብኩለት። ይህን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ፣ ማለትም ሐሳባችሁ በሌላ ሰው ስም ሲመሰገን ሆዳችሁ የሚቃጠል ከሆነ፣ ይህ ሥራ ይከብዳችኋል።

ሙያው ትናንት የመጣ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዛዊቷን ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌልን በፋኖሷ ነው የምናውቃት፤ እኔ ግን በቁጥሯ ነው የምወዳት። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ በፈረንጆቹ 1854 ኢስታንቡል አጠገብ ስኩታሪ የደረሰችበት ሆስፒታል ወታደሩን የሚገድለው ከቁስሉ ይልቅ በበሽታ ነበር። ሞቱ ክፉኛ የወረደው በ1855 የፍሳሽ መውረጃው ተጠርጎ አየሩ እንዲዘዋወር ከተደረገ በኋላ ነው። ይህን በሥዕላዊ ሰንጠረዥ አድርጋ ለባለሥልጣናቱ አሳየች፤ በ1858ም የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። ቱቦ ማስጠረግ የአስተዳደር ሥራ ነው፣ ወገኖቼ።

ካርድ ክፍልን ለሚንቁ ደግሞ ሌላ ላንሣ። በፈረንጆቹ 1919 የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የተባለው የሙያ ማኅበር 100 አልጋና ከዚያ በላይ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች ፈትሾ ውጤቱን አሳወቀ። ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟሉት 89 ብቻ ነበሩ። ከመስፈርቶቹ አንዱ ለእያንዳንዱ ታካሚ የተሟላና ሲፈለግ የሚገኝ መዝገብ መያዝ ነበር። የወደቁት ውስጥ ስመ ጥር ሆስፒታሎች ስለነበሩ ዝርዝሩ ጋዜጠኛ እጅ እንዳይገባ ሌሊት እሳት ውስጥ እንደተጣለ ይተረካል። ካርዱ ጠፋ ተብሎ ሁለተኛ ካርድ የሚከፈትለት ታካሚ፣ የአለርጂ ታሪኩ የመጀመሪያው ካርድ ላይ እንደቀረ አስቡት።

ወደዚህ ሙያ መግቢያው በር ሁለት ነው። አንዳንዱ ከነርስነት፣ ከፋርማሲ፣ ከላብራቶሪ ይመጣል፤ አንዳንዱ ከሒሳብ፣ ከማኔጅመንት፣ ከሕዝብ ጤና። የድኅረ ምረቃ ትምህርቱ ከፈረንጆቹ 1934 ጀምሮ፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተበት ጊዜ አንሥቶ አለ፤ ማስተርሱ ለላይኛው ወንበር ይረዳል። ከሕክምና የመጣችሁ በጀት ማንበብ ተማሩ። ከሒሳብ የመጣችሁ ደግሞ አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል አድራችሁ እዩ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልልም፤ መምህሮቻችሁ ይበልጥ ያውቁታል።

የመጀመሪያ ምደባችሁን የመምረጥ ዕድል ካገኛችሁ ግን መጋዘን ግቡ። ፊታችሁ ሲጨማደድ አያለሁ። መጋዘን ውስጥ ሆስፒታሉ እንዴት እንደሚያስብ ይታያል። አዲስ የመጣ ካርቶን ፊት ለፊት ይደረደራል፤ ምክንያቱም ተሸካሚው ደክሞታል፣ ፊት ለፊቱም ቅርብ ነው። ስለዚህ አዲሱ ቀድሞ ይወጣል፤ አሮጌው ከኋላ ሆኖ የመጠቀሚያ ጊዜው ያልፍበታል። ሕጉ ግን ቶሎ የሚበላሸው ቶሎ ይውጣ ነው። አንድ ጊዜ የክትባት ማቀዝቀዣ መቆጣጠሪያ ቅጽ አየሁ። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀቱም በቀን ሁለቴ ይመዘገባል። የወሩ ገጽ ከላይ እስከ ታች 5፣ 5፣ 5፣ 5... በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ጽሕፈት። በሩ በቀን ስንት ጊዜ የሚከፈት ማቀዝቀዣ እንዲህ አይሠራም። ቅጹን የሚሞላውን ልጅ ልቆጣ ስል ቴርሞሜትሩን አየሁት፤ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። ባትሪ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ያደረው የት መሰላችሁ? የእኔ ጠረጴዛ ላይ፣ ፊርማ ሲጠብቅ።

ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ከእናንተ አንዷ በወረቀት የጻፈችልኝ ጥያቄ አለ፤ «ደም ማየት አልችልም፣ ይህ ሙያ ይሆነኛል?» ይላል። ይሆንሻል። ደም ብዙም አታዪም። የምታዪው ሌላ ነው። አንድ ቀን ገንዘብ ተቀባዩ፣ «ሥራ አስኪያጁ ጋ ሂዱ» ብሎ የሚልካቸው ሰዎች በርሽን ያንኳኳሉ። ሰው ሞቶባቸዋል፤ አስከሬኑን ለመውሰድ የቀረ ሒሳብና የጎደለ ፊርማ አለ። እኔ ዘንድ የመጡት መጀመሪያ ቀን አባትና ልጅ ነበሩ፤ አባትየው ወረቀቱን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞታል። ምን እንደሚባል አላወቅኩም። ተነሥቼ ወንበር ሰጠኋቸው፣ ውሃ አስመጣሁላቸው፣ ወረቀቱን ተቀብዬ ሰልፉን ራሴ ልሰለፍ ወረድኩ። ሦስት መስኮት፣ ሁለት ማኅተም። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ያውም ሥራ አስኪያጁ ሆኜ። በማግሥቱ ሰኞ ያ ሥራ በአንድ መስኮት እንዲያልቅ የሚለውን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።