በአዳማ የሚያልፈው ገንዘብ እና በአዳማ የሚቀረው ገንዘብ

[ምስል፦ የፍጥነት መንገዱ የክፍያ ጣቢያ፤ የተሰለፉ የጭነት መኪናዎች]

ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት በአዳማ በኩል ያልፋል። የፍጥነት መንገዱ ክፍያ ይሰበስባል፤ ባቡሩ በከተማዋ በኩል ይነጉዳል፤ በአቅራቢያዋ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። በክረምት ግን በዙሪያዋ ካሉት ኮረብታዎች የሚወርደው ጎርፍ ሰፈሮችን ያጥለቀልቃል። ነዋሪው «ይህ ሁሉ ገንዘብ የት ይገባል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱም በሕግ ተጽፏል።

[ምስል፦ ሦስት መደቦች፦ ፌዴራል፣ ክልል፣ የጋራ]

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የታክስ ሥልጣንን ያከፋፍላል። አንቀጽ 96 የፌዴራል መንግሥቱን ድርሻ ይዘረዝራል፦ የገቢና ወጪ ዕቃዎች ቀረጥ፣ ከፌዴራል የልማት ድርጅቶች የሚገኝ ግብር፣ ከአየር፣ ከባቡርና ከባሕር ትራንስፖርት የሚገኝ ግብር። የመንገዱን ክፍያ የሚሰበስበውም፣ ከነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውም የፌዴራል ድርጅት ነው። የባቡሩ ግብርም በዚሁ አንቀጽ ሥር ይወድቃል። ስለዚህ ከሩቅ ስናያት አዳማን ሀብታም የሚያስመስሏት ሦስቱም ነገሮች ለከተማዋ ካዝና በቀጥታ የሚያስገቡት ግብር የለም።

ወደ ከተማው ውስጥ እንግባ። አዳማ የስብሰባና የሆቴል ከተማ ናት፤ አንድ ሆቴል እንውሰድ። የአስተናጋጇ የደመወዝ ግብር በአንቀጽ 97 መሠረት የክልሉ ነው። ሆቴሉ የአንድ ነጋዴ የግል ንብረት ከሆነ የትርፍ ግብሩም የክልሉ ነው። ኩባንያ ሆኖ ከተቋቋመ ግን አንቀጽ 98 ይመለከተዋል፤ የትርፍ ግብሩን ፌዴራልና ክልል ይጋሩታል። የክፍፍሉን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ «ከተማ» የሚባል ተቀባይ በስም አልተጠቀሰም። አንቀጽ 50 ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል፤ ምን ያህል ይበቃል የሚለውን ግን የሚወስነው ክልሉ ነው። የአዳማ ሥልጣንም ጨፌ ኦሮሚያ ከሚያወጣቸው አዋጆች ይመነጫል።

[ምስል፦ ሁለት ቋቶች]

ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ ተከታተሉ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የከተማው ገንዘብ በሁለት ቋት ይቀመጣል። አንደኛው ለመምህራን፣ ለጤና ሠራተኞችና ለመሳሰሉት ደመወዝ የሚውለው ነው፤ በአብዛኛው የሚቆመው ክልሉ በሚመድበው ድጎማና ለክልሉ በሚሰበሰበው ግብር ነው። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የቆሻሻ ማንሳት ሥራና የመንገድ መብራት በዋናነት የሚጠብቁት ይህንን ቋት ነው። የሚሞላውም ከገበያ ቦታ ኪራይ፣ ከመናኸሪያና ከቄራ አገልግሎት፣ ከግንባታ ፈቃድ፣ ከስም ማዛወሪያ፣ ከቤትና ከቦታ ግብር፣ እንዲሁም ከመሬት ሊዝ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሊዙ ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሚሰጥ መሬት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ጨረታ ሲወጣ ቅድሚያ ክፍያው ወዲያው ይገባል፤ ቀሪው ለዓመታት ተከፋፍሎ ይከፈላል። ያ መሬት ግን ዳግመኛ ለጨረታ አይቀርብም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መሬት ያስፈልጋል፤ ከተማው ወደ እርሻው ይገፋል፤ ለገበሬው ካሳ ይከፈላል፤ አዲሱ ሰፈርም መንገድና ቦይ ይጠይቃል። የሊዝን ገቢ ለዕለት ወጪ የሚያውል ከተማ ዘሩን ቀቅሎ እንደሚበላ ገበሬ ነው። ገንዘቡ ለመሠረተ ልማት ቢውል እንኳ በየዓመቱ የሚመጣውን የጥገና ወጪ የሚሸከም ቋሚ ገቢ ያስፈልጋል።

[ምስል፦ ያረጀ የግብር ደረሰኝ]

ቋሚ ሊሆን የሚገባው የቤትና የቦታ ግብር ነበር፤ ብዙዎቻችን የጣራና ግድግዳ ግብር የምንለው። መሠረቱ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ሲሆን፣ የቤቱ ግብር የሚሰላው በዓመታዊ የኪራይ ግምት ነው። ግምቱ በየጊዜው ካልታደሰ ቤቱ በሚሊዮኖች እየተሸጠ ግብሩ ባለበት ይቆማል። በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። እኔ በመርሁ እደግፈዋለሁ፦ አዲስ መንገድ ሲሠራ የአካባቢው ንብረት ዋጋ ይጨምራል፣ ከዚያ ጭማሪ ትንሽ ድርሻ ወደ ከተማው መመለሱ ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን የቤት ዋጋ መናር በጡረታ ለሚኖሩ አዛውንት የዳቦ መግዣ አይሆናቸውም። ግምቱ እንዴት እንደተሠላ የሚያሳይ ግልጽ ሰነድ፣ ቅሬታ የሚያዳምጥ ጉባኤ፣ አቅም ለሌለው የሚሰጥ እፎይታ ከግብሩ ጋር አብረው ካልመጡ ሕዝቡ ይሸሸዋል።

[ምስል፦ የዘመን መቁጠሪያ፤ ሐምሌ 1 ደምቆ]

ስለ ጎርፉ አንድ ነገር ልጨምር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ማለትም አዲሱ በጀት የሚከፈተው ዝናቡ በበረታበት፣ ቦይ መቆፈር በማይቻልበት ወር ነው። ክረምቱ ካበቃ በኋላ ጨረታው እስኪወጣ፣ ተጫራቾች እስኪለዩና ውል እስኪፈረም ወራት ይሄዳሉ። ለቁፋሮ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው፤ ውሉ መጋቢት ላይ ከተፈረመ የቀረው ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የቦይ ሥራ ዲዛይንና የጨረታ ሰነድ በክረምቱ ተሠርቶ መስከረም ላይ መዘጋጀት አለበት። ይህ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም፣ ቀደም ብሎ ማሰብን እንጂ።

የከተማው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ጠቅላላ ድምሩ ነው። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ግን ሁለት ቁጥሮች እንዲነገሯችሁ ጠይቁ፦ ከማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ውስጥ ከሊዝ የሚገኘው ስንት እጅ እንደሆነ፣ እና ባለፈው ዓመት ለጎርፍ መውረጃ ከተያዘው ገንዘብ እስከ ሰኔ 30 ድረስ በሥራ ላይ የዋለው ስንት እንደሆነ።