ቁልፉ ማን ኪስ ነው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ የዛሬ ተመራቂዎች፤ እንደምን አመሻችሁ። የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ አላስረዝምም።

«ስለ ኮምፒውተር ኪራይ ተናገር» ተብዬ ነው የመጣሁት። እሺ። መጀመሪያ ግን አንድ የቆየ ቂም አለኝ።

የመመረቂያ ሥራዬ የማሽላ ቅጠል ፎቶ አይቶ በሽታውን የሚለይ ፕሮግራም ነበር። ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ማታ አስጀምሬው እተኛለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ወይ መብራት ሄዷል፣ ወይ ግሎ ጠፍቷል። ሁለት ጡብ ላይ ሰቀልኩት። እናቴ በሰፌድ ታራግብለት ጀመር። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ትኩሳት ይዞታል» ትላለች። የምማርበት ግቢ ግን አርባ ኮምፒውተር ነበር! በመስኮት ይታያሉ። የመጡበት ፕላስቲክ እንኳ አልተነሳላቸውም። ቁልፉ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሰውዬው ደግሞ 11 ሰዓት ካለፈ የለም። «ቢሰበር ማን ይጠየቃል?» አሉኝ። ጎበዝ፣ ሳይሠራ ሲያረጅስ ማን ይጠየቃል?

በ1999 እ.ኤ.አ. የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሴቲ አት ሆም የሚባል ነገር ጀመሩ፤ ከምድር ውጭ ሕይወት ካለ ምልክቱን በፈቃደኞች ኮምፒውተር መፈለጊያ ነው። ባለቤቱ ቡና ሊጠጣ ሲነሳ ኮምፒውተሩ አሬሲቦ ከሚባል ትልቅ ቴሌስኮፕ የመጣ የሬዲዮ ሞገድ ቁራጭ ይመረምር ነበር። አንዱን ቁራጭ ከአንድ በላይ ለሆነ ማሽን ይሰጡና ውጤቱን ያመሳክሩ ነበር፤ ሳይሠራ ሠራሁ የሚል አይጠፋማ። ደቦ ላይ ለይስሙላ የሚጎነበስ እዚያም ነበረ ማለት ነው።

አሁን ደቦው ኪራይ ሆኗል። ሥራ የፈታ ኮምፒውተር በኢንተርኔት የሚከራይበት ገበያ መጥቷል፤ ጎሌም አለ፣ አካሽ አለ። አካሽ ላይ ሥራ ያለው ሰው ይጠይቃል፣ ባለ ማሽኖች በዋጋ ይወዳደራሉ። ክፍያው በአብዛኛው በክሪፕቶ፣ ማለትም በኢንተርኔት ብቻ በሚንቀሳቀስ ዲጂታል ገንዘብ ነው። በኛ ኢንተርኔት ከባድ ዳታ ማመላለሱም ፈተና ነው። እሱን ልለፈው።

እኔ የምለው ወንፈል ነው። ደሴ ያለ የኮምፒውተር ክፍል ማታ ማታ ለኮምቦልቻ ልጅ ይሥራ፤ የኮምቦልቻው ቅዳሜ ለወልዲያ። ቦይንክ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ እነዚያው የበርክሌይ ሰዎች የሠሩት። እንደኔ ዓይነት ሥራ ለመከፋፈል ይመቻል፤ እያንዳንዱ ማሽን አንድ አንድ ሙከራ ይወስዳል። የመብራት ቆጣሪው ይቆጥራል፣ አውቃለሁ። የተቆለፈውስ በነፃ ነው የተገዛው?

የንብረት ክፍል ኃላፊዎች ፊት ወንበር ላይ እንዳላችሁ አይቻለሁ። አብሽሩ፣ ስም አልጠራም። ቁልፉን ዛሬ በኪሱ ይዞ የመጣ ግን እጁን ያውጣ።